የጥምቀት ልብሳችንና የቤታችን ድካም



የጥር ወር ሲብት በጎንደር ከተማና በሰሜኑ ደጋ ሁለት ነገሮች አብረው ይነሣሉ። አንደኛው ነጭ ልብስ ነው፤ ሁለተኛው ድካም ነው። ልብሱ በአደባባይ ይታያል፣ ይደነቃል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ድካሙ ግን በየማድ ቤቱ ጢስ ውስጥ ተሸሽጎ ይቀራል። በዚህ ጽሑፋችን ስለ ሁለቱም ማንሣት የፈለግነው፣ የበዓል ጌጥና የቤተ ሰብ ጤና ተነጣጥለው ሊታዩ አይገባም ብለን ስለምናምን ነው።

ወቅቱን በቀን ቆጥሮ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የቆየንበት ጾመ ነቢያት በልደት ይፈታል። ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 11 ያሉት ዐሥራ ሁለት ቀናት ብቻ ናቸው። በእነዚህ ጥቂት ቀናት ቤት ይጸዳል፣ ጠላ ይጠነሰሳል፣ ልብስ ይታጠባል ወይም ይሰፋል፣ ከአዲስ አበባና ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዘመድ ይጠበቃል። ጥር 10 ቀን ገሃድ ይጾማል፤ ታቦታቱም ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላና የቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ይከተላሉ። በመካከሉም ዐቢይ ጾም ሳይገባ ለማድረስ የሚጣደፈው የሠርግ ብዛት አለ። ይህ ሁሉ በረከት ነው። ነገር ግን በረከቱን የሚሸከመው ትከሻ የማን እንደሆነ ካልጠየቅን፣ በዓሉን ያከበርነው በከፊል ብቻ ነው።

ነጩ ልብስ ለማን ይለበሳል?

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይላል የሀገራችን ሰው። ይህን አባባል እንደ ቀልድ ሰምቶ የሚያልፈው አለ፤ ከንቱ ውዳሴን ያስተምራል ብሎ የሚነቅፈውም አለ። እኛ ግን ከሁለቱም ወገን አይደለንም። አባባሉ የሚነግረን የቀደሙት ወላጆቻችን ከሁሉ የተሻለውን ልብሳቸውን ለየትኛው ቀን ያስቀምጡት እንደነበረ ነው። ለገበያ ቀን አላሉም፤ ለሹም ደጅም አላሉም። በሣጥን ታጥፎ የሚከርመው ልብስ የሚወጣው ታቦት በሚወጣበት ቀን ነበር። ኮረዳዋ ሹሩባዋን ተሠርታ፣ ጎረምሳው ሎሚውን በእጁ ይዞ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፣ የወጣትነት ምኞታቸውንም ጭምር ከታቦቱ ጥላ ሥር ያመጡት ነበር። በዚህ ውስጥ የሚያሳፍር ነገር አናይም።

ነጭ መልበሳችንም እንዲያው የመጣ ልማድ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ የክርስትና ዘመናት በትንሣኤ ሌሊት የሚጠመቁ አዲስ አማኞች ከውኃው ሲወጡ ነጭ ልብስ ይለብሱ፣ ልብሱንም እስከ ሳምንቱ ፍጻሜ ሳያወልቁ ይቆዩ ነበር። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ሕፃን ሲጠመቅ አንገቱ ላይ ማዕተብ ይታሰርለታል፤ ነጭ ልብስም ይለብሳል። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት የተጠመቀ ሰው ክርስቶስን እንደለበሰ ማስተማሩ ይታወቃል። ስለዚህ ምእመናን በጥምቀት ዕለት በነጭ ልብስ ተውበው ሲወጡ፣ እያንዳንዳቸው ሊያስታውሱት የማይችሉትን የገዛ ጥምቀታቸውን ቀን እያሰቡ ነው። ልብሱ ነጭ የሆነው ለዚህ ነው፤ ንጹሕ መሆን የሚገባውም ለዚህ ነው።

ልብሱ ደግሞ የብዙ እጆች ሥራ ነው። ጥጡ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ በእንዝርት ተፈትሎ፣ ከዚያም ሸማኔው ድሩንና ማጉን አገናኝቶ ሸማ እስኪያወጣው ድረስ ወራት ያልፋሉ። ቀድሞ እናት ለልጇ የጥምቀት ቀሚስ መፍተል የምትጀምረው በዓሉ ሲቃረብ አልነበረም። የነጠላው አለባበስም ቋንቋ ነበረው፣ ዛሬም አለው። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ሰው መስቀለኛ አጣፍቶ ይገባል፤ ሐዘን የደረሰበት ደግሞ ጥለቱን ከትከሻው ወደ አንገቱ መልሶ ይለብሳል። ይህን የሚያውቅ ሰው በበዓሉ መካከል እንኳ ያዘነውን ሰው ከደስተኛው ለይቶ ያጽናናዋል። ልብስ እንዲህ ሲነበብ ጌጥነቱ ከዓይን አልፎ ልብ ይደርሳል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ችግሩ ልብሱ ለበዓሉ ክብር መሆኑ ቀርቶ በሰዎች መካከል መወዳደሪያ ሲሆን ነው። ዛሬ የሸማኔው ጥበብ ዋጋ ለብዙ ቤተ ሰብ የማይቀመስ ሆኗል። በሌላ በኩል ከውጭ ሀገር በፋብሪካ ታትሞ የሚመጣ፣ ጥበብ የሚመስል ጨርቅ ገበያውን ሞልቶታል። አቅሙ ያነሰ ሰው ይህን ገዝቶ ቢለብስ አንፈርድበትም። የምናዝነው አምና የተገዛው ቀሚስ ሳያረጅ፣ ሳይተረተር፣ «በፎቶግራፍ ታይቷል» ተብሎ ዘንድሮ ሲጣል ነው። የምናዝነው ለሠርግና ለበዓል «ሁላችንም አንድ ዓይነት እንልበስ» እየተባለ፣ አቅም የሌላት ጓደኛ ወይም እኅት ለአንድ ቀን ልብስ ስትበደር ነው። አሳቡ የፍቅር ነበር፤ ፍጻሜው ግን ዕዳ ሆነ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የተባለው በውሰት ስለሚያጌጥ ሰው ነው፤ በብድር ያጌጠውም ከዚህ አይርቅም። ዕዳው ከበዓሉ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ይኖረዋልና።

ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ሰባክያን ወደ ሌላው ጫፍ ሄደው ማጌጥን በሙሉ ሲያወግዙ ይሰማሉ። ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስ ስለ ሴቶች ሽልማት የጻፈውንም ለዚህ ይጠቅሳሉ። ነገር ግን ሐዋርያው የሚያስተምረው የሰው ውበት በጠጉር ሹሩባና በወርቅ ብቻ እንዳይቀር፣ የዋህና ዝግ ያለ መንፈስ የውስጥ ጌጥ ሆኖ እንዲገኝ ነው። ጌታችንም በተራራው ስብከቱ የሚጾም ሰው ፊቱን እንዳያጠወልግ፣ ይልቁንም ራሱን እንዲቀባና ፊቱን እንዲታጠብ አዝዟል (ማቴ. 6፥17)። መታጠብ፣ መቀባት፣ ጠጉርን መሠራት፣ ጥፍርን መቁረጥ፣ የታጠበ ልብስ መልበስ ከጽድቅ ጋር ጠብ የላቸውም። ተጎሳቁሎ መታየትም በራሱ ትሕትና አይደለም። እንግዲህ የእኛ መለኪያ አንድ ነው፤ ታጥቦ የተተኮሰ የአምና ነጠላ፣ በብድር ከተገዛ የዘንድሮ ጥበብ ይበልጣል።

ያልታየው ድካም

ወደ ማድ ቤቱ እንመለስ። የጠላው ጌሾና ብቅል፣ ጥንስሱና ድፍድፉ፣ የእንጀራው ሊጥ፣ የዳቦው ቡኮ፣ የዶሮው ብልት፣ ከሁሉም በላይ ዓይን የሚያስለቅሰው የሽንኩርት ክምር፣ ይህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ በአንዲት እናትና በሴት ልጆቿ ጫንቃ ላይ ነው። በመካነ ብርሃን፣ በደባርቅና በዳባት ገጠሮች ደግሞ ውኃው ከምንጭ፣ እንጨቱ ከሩቅ ይመጣል፤ መንገዱም ዳገት ነው። በከተራ ዕለት ባልና ልጆች ነጭ ለብሰው ታቦት ሊያጅቡ ሲወጡ፣ ልብሳቸውን ያጠበችው እናት ምድጃ ሥር ትቀራለች። በማግሥቱም ጸበሉ ሲረጭ አትኖርም፤ እንግዳ ይመጣልና። ለእርሷ የተገዛ ቀሚስ ቢኖር እንኳ ከሣጥን ሳይወጣ ይመሻል። በዓሉን ሁሉ ያበሰለች፣ በዓሉን ያላየች እናት በየቤታችን አለች።

ይህን ስንል «እንግዳ መቀበል የሴት ክብር ነው፤ ሃይማኖታችንም ያዘዘው ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። እንግዳ መቀበል የታዘዘ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የእንግዳ ተቀባዮች አባት የሆነው አብርሃም በመምሬ ያደረገውን እንመልከት። ሦስቱ እንግዶች በመጡ ጊዜ አብርሃም እንግዶቹን አስቀምጦ ከእነርሱ ጋር ጨዋታ አልያዘም። ሣራ ዱቄት እንድታቦካ ነገራት፤ እርሱ ራሱ ወደ ላሞቹ ሮጠ፤ ብላቴናውም ጥጃውን አዘጋጀ። እንግዶቹ ሲበሉም ቆሞ አሳለፈ (ዘፍ. 18)። በዚያ ድንኳን ሥራ ያልያዘ ሰው አልነበረም። ቤተ ክርስቲያናችን ከፍ አድርጋ የምታስተምረው ይህ መስተንግዶ ሥራው ለሦስት የተከፈለ ነበር።

የማርታና የማርያም ታሪክም በዚህ መልክ ቢታይ መልካም ነው። ጌታ የማርታን ማዕድ አልናቀም፤ ያዘነላት በብዙ ነገር ስለ ተጨነቀች ነው። ማርያም የመረጠችው በጎ ዕድል ከእርሷ እንደማይወሰድባት ሲናገር፣ ማርታ ለዚያ ዕድል አልተጠራችም ማለቱ አልነበረም። ዛሬ በየቤታችን ያሉት ማርታዎች ከጌታ እግር ሥር ይቀመጡ ዘንድ የቀሩት የቤቱ ሰዎች ድስቱን ሊረከቧቸው ይገባል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል ለዚህ ወቅት የተነገረ ይመስላል። ጥምቀት ሎሚ የሚያዝበት በዓል ነውና ምሳሌው ይበልጥ ይስማማዋል። አባት በጉን አርዶና ገፎ ብቻ ሥራዬን ጨረስሁ አይበል፤ እንጨቱን ይፍለጥ፣ ውኃውን ያስመጣ። ወንዶች ልጆች ሽንኩርት ቢልጡ፣ ሰሐን ቢያጥቡ፣ ለእንግዳ ውኃ ቢያስታጥቡ የሚጎድልባቸው ክብር የለም። በደብሩ ምንጣፍ በማንጠፍ ያየናቸው ብርቱ ወጣቶች በእናታቸው ማድ ቤትም ቢታዩ፣ ያኛው አገልግሎታቸው ይሞላል እንጂ አይጎድልም። ከሩቅ የሚመጣ ዘመድም ባዶ እጁን ተቀምጦ ከሚስተናገድ አንዱን ሥራ ቢይዝ ቤተኛነቱን ያሳያል። የወጡ ዓይነት ከአራት ወደ ሁለት ቢቀነስ በዓሉ አያንስም። ከሁሉም በላይ ጥር 11 ቀን ጠዋት እናት ተጣጥባ፣ ተቀብታ፣ ነጩን ለብሳ ከቤተ ሰቧ ፊት ቀድማ ወደ ጥምቀተ ባሕር ትውረድ። ቤት የሚጠብቅ ሰው ካስፈለገ ተራ ይውጣ።

ሥጋም አደራ ነው

ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ እንደሆነ የምናስተምር ሰዎች፣ በበዓል ሰሞን ይህን ማደሪያ እንደ ተከራየነው ቤት እናጎሳቁለዋለን። ነቢዩ ኤልያስ ሞትን እስኪመኝ ድረስ በደከመ ጊዜ መልአኩ አስቀድሞ የሰጠው እንጎቻና ውኃ ነበር፤ ነቢዩም በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው፤ ረጅሙ ጉዞ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጌታችንም ሐዋርያቱ ምግብ ለመብላት ጊዜ ባጡ ጊዜ ለብቻቸው ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ነግሯቸዋል (ማር. 6፥31)። ዕረፍት እንግዲህ የሰነፎች ድርሻ ብቻ አይደለም።

ከተራ ሌሊት ብርድ አለው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ራስ ዳሸን ከ4 ሺህ 500 ሜትር በላይ በሚነሣበት በስሜን ተራሮች ዙሪያ ደግሞ የጥር ሌሊት ውርጭ ያወርዳል። በስስ ነጠላ ብቻ በድንኳኑ ዙሪያ የሚያድር ወጣት ለውበቱ ብሎ ጋቢውን ጥሎ ይወጣል፤ በማግሥቱ ሳል ይዞት ይገባል። ጋቢም ነጭ ነው፤ ጋቢም ያምራል። አረጋውያንን፣ ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃናትን ሌሊቱን ከማሳደር ረፋዱ ላይ ማምጣት ይሻላል። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ይበረታልና ጥላና የሚጠጣ ንጹሕ ውኃ መያዝ አይረሳ። ከስኳር፣ ከደም ግፊትና ከመሰል ሕመም ጋር የሚኖሩ ምእመናን ገሃዱን ስለ መጾምና መድኃኒታቸውን ስለ መውሰድ አስቀድመው ሐኪማቸውንና የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ። ቤተ ክርስቲያን በሕመምተኛ ላይ የምትጭነው ሸክም የለምና። ብዙ ቀን በሽሮና በአትክልት የቆየ ሆድም በአንድ ቀን ጥሬ ሥጋና ቅባት ሲጫንበት ይታመማል። ጾሙን በትዕግሥት እንደ ጾምነው በትዕግሥት እንፍታው።

በጎንደር በተለይ ልንነጋገርበት የሚገባ ሌላም ጉዳይ አለ። በዐፄ ፋሲለደስ ስም የሚጠራው፣ ከቀሃ ወንዝ በሚሳብ ውኃ የሚሞላው ጥምቀተ ባሕር ከተባረከ በኋላ ወጣቶች ወደ ውኃው እየዘለሉ ይገባሉ። የደስታው ምንጭ ይገባናል። ነገር ግን ዋና ሳይችሉ፣ ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ አድረው፣ በሰው ብዛት መካከል ወደ ቀዝቃዛ ውኃ መዝለል አደጋ አለው። በሩሲያ የሚገኙ ኦርቶዶክሳውያን እንደ እኛው በዓሉን በጥር ወር ሲያከብሩ በረዶ ሰንጥቀው ውኃ ውስጥ ይነከራሉ፤ በዚያም ሐኪሞችና የነፍስ አድን ሠራተኞች በዳር ቆመው ይጠብቃሉ፣ ሕመም ያለባቸውም እንዳይገቡ ይመከራሉ። ጥንቃቄው እምነታቸውን አላጎደለውም።

በዓለ ጥምቀት በዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት በተመዘገበበት በዚያው በ2012 ዓ.ም.፣ ጥር 11 ቀን በዚሁ ጥምቀተ ባሕር ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ዐሥር ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን ማጣታቸውን፣ ብዙዎችም መቁሰላቸውን አንረሳም። እነዚያ ሰዎች ነጭ ለብሰው ለበረከት የወጡ ነበሩ። እነርሱን ማሰብ የሚገባን ከንፈር በመምጠጥ ብቻ አይደለም። መቀመጫና መድረክ የሚሠሩ ሁሉ የሚችለውን ክብደት ያስመርምሩ፤ እኛም የተሻለ ፎቶግራፍ ለማንሣት ብለን በተጨናነቀ እንጨትና በግንብ አናት ላይ አንውጣ። ልጆቻችንን እጃቸውን ይዘን እንሂድ፤ ቢጠፋፉ የሚገናኙበትን ቦታም አስቀድመን እንንገራቸው።

ሁለተኛው ልብስ

በመጨረሻም ወደ ልብሱ እንመለሳለን። በዮርዳኖስ ዳር ያጠመቀው ቅዱስ ዮሐንስ ራሱ የለበሰው የግመል ጠጉር ነበር። ሕዝቡ ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ ግን እርሱን መስለው ጠጉር እንዲለብሱ አላዘዛቸውም። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል ነገራቸው እንጂ (ሉቃ. 3፥11)። የጥምቀት የመጀመሪያው ስብከት ስለ ልብስ መሆኑን ስንቶቻችን ልብ ብለነዋል? በዮርዳኖስ የተሰበከው ስብከት በየሣጥናችን ውስጥ የሚፈጸም ነው።

የሰሜን ጎንደር ሕዝብ በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በአካባቢው በደረሰው ጦርነት ቤቱን ጥሎ የተሰደደ፣ የሞተበትን የቀበረ ሕዝብ ነው። ከዚያ ወዲህ የበዓል ቀን በመጣ ቁጥር ነጭ የሚያወጣበት ሣጥን የሌለው፣ ወይም ሣጥኑ እያለ ለመልበስ ልቡ እንቢ ያለው ጎረቤት በየመንደሩ አለ። እንዲህ ያለው ጎረቤት ከታቦቱ ጀርባ በቀደደው ልብሱ መውጣት አፍሮ ቤት ከቀረ፣ የእኛ ጌጥ በርሱ ላይ የተዘጋ በር ሆኗል ማለት ነው። ቅዱስ ያዕቆብ በጉባኤ መካከል የወርቅ ቀለበት ያለውን አክብሮ ያደፈ ልብስ የለበሰውን ድኻ ማሳነስን የነቀፈው እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ ነው።

በመሆኑም ለአንባብያን የምናቀርበው አሳብ ቀላል ነው። ከጥር 10 ቀን በፊት እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ሣጥኑን ከፍቶ ከአንድ በላይ ያለውን ነጠላ፣ ጋቢ ወይም የልጅ ልብስ ያውጣ። ያጥበው፣ ይተኩሰው። ጎረቤቱ በሰው ፊት እንዳያፍር በምሽት በጓሮ በር ያድርስለት፤ ቢቻል ደግሞ «ነገ አብረን እንወርዳለን» ብሎ ይጨምርበት። ሐዘን ላይ ያለውን ጥቁሩን እንዲያወልቅ አናስገድደው፤ ከጎኑ እንቁም እንጂ። የደከመችውን እናት ደግሞ በዚያው ምሽት ከምድጃው አስነሥተን እግሯን እናሳርፋት።

ታቦቱ በዝማሬና በእልልታ ሲያልፍ ከዳር ቆመን የምናየው ነጭ ባሕር ያን ጊዜ የእውነት ያምራል። በዓሉን የበረከት፣ የጤናና የሰላም ያድርግልን፤ ለከርሞው በሰላም ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።